የቆመች መኪና

አባቴ ካረፈ ጀምሮ በየእሑዱ ማለዳ የማላስተጓጉለው አንድ ሥራ ነበረኝ። የግቢያችንን ጥግ ወደ ያዘችው መኪና እሄዳለሁ፤ ሸራዋን እገልጣለሁ፤ ቾኩን እስከ መጨረሻው ስቤ ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስልና ይነሣል። አሥር ደቂቃ ያህል ባለችበት አሠራትና አጠፋታለሁ፤ ሸራዋንም መልሼ አለብሳታለሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ለምን እንደማስነሣት አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ እሑድ ታምሜ ብተኛ ግን «ዛሬ ቤቱ ጭር አለ» አለች። ከዚያ ወዲህ አላስታጎልኩም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ባለ ሁለት መቀመጫ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ናት። ሞተሯ 1779 ሲሲ ነው፤ ሁለት መንታ ዌበር ካርቡራቶሮች አሏት፤ ለአራቱ ሲሊንደሮች ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉሮሮ ማለት ነው። አባቴ ከሰው እጅ ገዝቶ፣ ከእኛ ከልጆቹ ባልተናነሰ እንክብካቤ ይዟት ኖረ። እኔ ደግሞ የእርሱን እንክብካቤ የወረስኩ መስሎኝ ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ዘይት እንኳ አትበላም» እያልኩ እመካባት ነበር። እውነትም የዘይት መለኪያውን ዘንግ ባወጣሁ ቁጥር ዘይቱ ከምልክቱ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ላይ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ጀመር። ሰማያዊ ጭስ የሚነድ ዘይት ምልክት መሆኑን አላጣሁትም። ሐሳቤ ወዲያው ያረፈው ከሁለት ወር በፊት ዘይት በቀየረልኝ ወጣት መካኒክ ላይ ነበር። በሩ ድረስ ሄጄ፣ ጎረቤቶቹ እየሰሙ፣ የሰው መኪና ያወጣውን አሮጌ ዘይት እንደሸጠልኝ ነገርኩት። ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ጣሳውን የከፈቱት እርስዎ ራስዎ አልነበሩም?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ትቼው ሄድኩ።

መኪናዋን አባቴ ያምናቸው ወደ ነበሩ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳት። እርሳቸው ለመፍረድ አልቸኮሉም። አስቀድመው አራቱን ካንዴላዎች ፈቱ፤ ሁሉም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ቀጥለው በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ እየሰኩ ሞተሩን አዞሩት፤ መርፌው 6 ባር አካባቢ እየደረሰ ቆመ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ሲደግሙት መርፌው ወደ 9 ወጣ። «በዚህ ከፍታ 9 የጤነኛ ነው» አሉኝ። «ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ባልረዳው ነበር። ዘይቱ ፋሻውና የካሚቻው ግድግዳ የተዉትን ክፍተት ሞላልን። የተበላው እዚያ ነው።»

ቴስታታው ተነሣ። አዲስ ካሚቻ ውስጠ ስፋቱ 80 ሚሊሜትር ነው። ወደ ታች ሲለካ ያው 80 ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ላይ፣ ፋሻው ደርሶ በሚመለስበት ዙሪያ ግን 80.16 ደርሷል። ሽማግሌው ልኬቱን ደገሙት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። አባቴ በ2004 ዓ.ም. ካሚቻውን፣ ፒስቶኑንና ፋሻውን ሁሉ አስቀይሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሄደችው ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለው መበላት የሚጠበቀው መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ከሄደ ሞተር ነው። ብዙ ያልተጓዘች መኪና እንደ ብዙ ተጓዥ አርጅታለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ችሎት ነበር፤ ተጠርጣሪዎቹ አንድ በአንድ ቀርበው በነጻ ተሰናበቱ። አቧራ ነው እንዳይባል፣ ከፊልትሮው ወዲህ ያለው የአየር መተላለፊያ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ አሸዋ አልተገኘበትም። ሙቀት ነው እንዳይባል፣ ፒስቶኖቹ ላይ የመላላጥ ምልክት የለም፤ ቴስታታውም አልተጣመመም። ቆሻሻ ዘይት ነው እንዳይባል፣ የክራንኩ ብሮንዞች ጭረት አልነበረባቸውም። ይህን የመጨረሻውን ሲያሳዩኝ ዓይኔን ከብሮንዞቹ ላይ አነሣሁ። የልጁ ፊት ድቅን አለብኝ።

ሽማግሌው ከሞተሩ የወጣውን ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱ፤ ለእኔም አቀረቡልኝ። ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

«ስትነዳት ወዴት ነው የምትሄድ?»

«አልነዳትም ጋሼ። እሑድ እሑድ አስነሣትና መልሼ አጠፋታለሁ።»

«በቾክ?»

«በቾክ።»

«ስንት ዘመን?»

«አባባ ካረፈ... ሰባት ዓመት።»

ዝም አሉ። እኔም በልቤ አሰላሁ፤ ሰባት ዓመት፣ በዓመት 52 እሑድ፣ 364 ጊዜ።

ነገሩን ያስረዱኝ ያለ ቁጣ ነው። ቾክ ሲሳብ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን ይበዛል፤ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤንዚኑ በሙሉ አይተንም፤ የተረፈው በካሚቻው ግድግዳ ላይ እየወረደ ስሱን የዘይት ልባስ ያጥበዋል። ያን ጊዜ ፋሻው ብረትን በብረት ይፍቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የካርቡራቶሮቹ የቤንዚን ቀዳዳዎች ግን ለቆላ እንደተለኩ ነበሩ። እናም ድሮም ቤንዚን ይበዛባት ነበር። በዚህ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወልዳል። መንገድ የሄደ ሞተር ሞቆ ውኃውንም ቤንዚኑንም በእንፋሎት ያስወጣቸዋል፤ የቆመ ሞተር ግን በሆዱ ያጠራቅማቸዋል። ዘይቷ ጎድሎ የማያውቀው ለዚህ ነው፤ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ቤንዚን ይተካው ነበር። የተመካሁበት የጤናዋ ምልክት፣ ለካስ ሕመሟ ኖሯል።

«አባትህ ምንም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን ደብረ ዘይት ደርሶ ይመለስባት ነበር» አሉኝ። «ሞተሩን መስማት አይደለም፤ ማስኬድ ነው።»

ካሚቻ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ሸሚዝ ነው። ያን ቀን ማታ የአባቴን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ሸሚዞቹ ባኖርናቸው ቦታ ተሰቅለዋል፤ ለማንም አልሰጠናቸውም፤ ማንም አልለበሳቸውም። አንዱን አውጥቼ ብርሃን ላይ ስይዘው አንገትጌው በታጠፈበት ቢጫ ሆኖ ሳስቷል። ብዙ ቆሜ አየሁት። እኔ ሟቹን የማስታውሰው በመጠበቅ ነው ብዬ ነበር፤ ጥበቃዬ ግን አባቴ ከሠራው ሁሉ የጎደለ ነበር። እርሱ በመኪናዋ ይሄድባት ነበር፤ እኔ አስቀመጥኳት።

በማግስቱ ወደ ወጣቱ መካኒክ ሄድኩ። ያዋረድኩት ሰው እየሰማ ነበርና ይቅርታውንም ሰው እየሰማ ጠየቅሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ችግር የለም ጋሼ» አለ፤ ችግር እንደነበረ ግን ከድምፁ አወቅሁ። አዲሶቹን ካሚቻዎችና ፋሻዎች ከሽማግሌው ጋር ሆኖ እንዲገጥም ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። የቤንዚኑን ቀዳዳዎችም ለከፍታችን በሚስማሙ አነስተኞች ቀየሯቸው።

ሥራው ባለቀ እሑድ ቾኩን ለአፍታ ብቻ ስቤ መለስኩት። እናቴ እንደ ልማዷ በረንዳው ላይ ነበረች። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ወርጄ የቀኝ በኩሉን በር ከፈትኩላት። ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና በአባቴ ጊዜ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቃሊቲን እስክናልፍ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ዘወር ብላ «አባትህ እዚህ ጋ ሲደርስ ይፈጥን ነበር» አለች።

ነዳጁን ጨመር አደረግሁ።