የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም

በአማርኛ «ቀለም» ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ነው። የሚጻፍበት ፈሳሽ ቀለም ነው። ቀዩም ሰማያዊውም ቀለም ነው። ትምህርቱም ቢሆን የቀለም ትምህርት ይባላል። ቁርኣን ቤት ስንቀራ ደግሞ ዐረቦች «ቀለም» የሚሉት ብዕሩን ራሱን እንደሆነ ተማርን። «ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም የለውም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሰውን የሚያሳስተው ከዚሁ የቃል መደራረብ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አለው። አንዱ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ይቀዘቅዛል፣ አልፎ አልፎም ከሁለቱ ወደ አንዱም ሳያዘነብል የሚቆም ይገኛል። በደንብ ያልታተመው ደግሞ አረንጓዴ ይመታል።

በብዙዎቻችን ቤት፣ በብስኩት ቆርቆሮ ወይም በሣጥን ውስጥ፣ የአያቶቻችንና የአጎቶቻችን የጉርድ ፎቶዎች ይገኛሉ። እነዚህ ፎቶዎች የተሠሩት በጨለማ ክፍል፣ ከብር በተገኘ ውሕድ በተቀባ ወረቀት ላይ ነው፤ ምስሉ ራሱ ደቃቅ የብር ብናኝ ነው። ባለሙያው በመጨረሻ ወረቀቱን ሀይፖ ከሚባለው መድኃኒት በብዙ ውኃ አጥቦ ማጽዳት ነበረበት። ሥራው ሲበዛና ውኃው ሲያንስ እጥበቱ ይጎድላል፤ የቀረው መድኃኒት በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ያቢጫል፣ ምስሉንም ያደበዝዛል። እንግዲህ «የድሮ ፎቶ» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቡናማ መልክ ሁልጊዜ የፎቶው ተፈጥሮ አይደለም። ሆን ተብሎ ሴፒያ በሚባለው ዘዴ ቡናማ የተደረገ አለ፤ ይህኛው እንዲያውም ከተራው ይልቅ ዕድሜ አለው። በሌላው ላይ ግን ቡናማው በሽታ ነው።

እናታችን ከሟች ታላቅ ወንድማቸው፣ አላህ ይዘንለትና፣ የቀራቸው አንድ የጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ናት። ነጭ ኮፊያ አድርጎ በቀጥታ ይመለከታል። ፎቶዋ እየደበዘዘች ስትሄድ አሳድገን በአዲስ ወረቀት ለማሳተም አሰብንና ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ወሰድናት። በማግስቱ የተሰጠን ሕትመት በመስኮት አጠገብ ሲያዩት ፊቱ አረንጓዴ ይመታል፤ ማታ በአምፑል ሲያዩት ደግሞ ቀላ ይላል። እናታችን አገላብጠው አዩትና «ታሞ ነው እንዴ የተነሳው?» አሉ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ለማንም ቤተሰብ ይጠቅማል። ቀለም እየረጨ የሚያትመው ተራ ፕሪንተር በውስጡ አራት ቀለሞች አሉት፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ግራጫ የሚባል ቀለም የለውም። በጥቁሩ ብቻ ቢያትም በፊት ላይ ያሉት ፈዘዝ ያሉ ቦታዎች አሸዋ የተበተነባቸው ይመስላሉ፤ ነጠብጣቡ ይታያል። ስለዚህ ሦስቱን ቀለማት አመዛዝኖ ግራጫ የሚመስል ነገር ይሠራል። ሚዛኑ ጥቂት ከተዛባ አንዱ ቀለም ብቅ ይላል። ሚዛኑ ቢጠበቅ እንኳ በፀሐይ ብርሃን ግራጫ የነበረው በአምፑል ሥር ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የአምፑሉ ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን የተለየ ስለሆነ ሦስቱ ቀለማት እኩል አይመልሱትም። ስድስት ቀለም አላቸው ተብለው የሚሸጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ የጨመሩት ፈዛዛ ሲያንና ፈዛዛ ማጀንታ እንጂ ግራጫ አይደለም። ፕሪንተር የሚገዛ ሰው «ስንት ቀለም አለው?» ከማለት ይልቅ «ስንት ግራጫ አለው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መፍትሔውን በመጀመሪያ የፈለጉት የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወዳጆች ናቸው። በአሜሪካ ቨርሞንት የሚሠራው የሕትመት ባለሙያ ጆን ኮን የቀለማቱን ቦታ በሙሉ ጥቁሩ እየቀጠነ በተዘጋጀ ግራጫ የሚሞላ «ፒዬዞግራፊ» የተባለ ዘዴ አወጣ። ኤፕሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ስታይለስ ፎቶ አር2400 የተባለውን ፕሪንተር ሲያወጣ ሦስት ዓይነት ጥቁር አደረገበት፦ ሙሉ ጥቁር፣ ፈዘዝ ያለና ከዚያም የፈዘዘ። በኮምፒውተሩ ላይ «አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚለው ምርጫ ሲከፈት ፕሪንተሩ አብዛኛውን ሥራ ለነዚህ ጥቁሮች ይሰጥና ከሌሎቹ ቀለማት ለቃና ያህል ጠብ ያደርጋል። ቃናው እንዳይሞቅ እንዳይቀዘቅዝ፣ እንዲቀዘቅዝ፣ እንዲሞቅ ወይም ሴፒያ እንዲሆን ይመረጣል፤ ከዚያም በክብ ሥዕል ላይ አንዲት ነጥብ እያንቀሳቀሱ በጥቂቱ ማስተካከል ይቻላል። ሮይ ሃሪንግተን የሠራው «ኳድቶን ሪፕ» የተሰኘው ፕሮግራም ከዚህም ይራቀቃል፤ ጥላው አንድ ቃና፣ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ሌላ ቃና እንዲኖራቸው ያስችላል። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ታች እንደርስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጥቁር የሕትመት ቀለሞች መሠረታቸው ካርቦን ነው። በልጅነታችን ሉሕ ላይ የምንጽፍበት ቀለምም ከጥላሸትና ከሙጫ የተበጠበጠ ስለነበር እርሱም ካርቦን መሆኑ ነው። የተሐፈዘውን አሰምተን ሉሑን ስናጥብ የሚወርደው ውኃ ግራጫ ሳይሆን ቡናማ እንደሚመስል ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ካርቦን ሲቀጥን ይሞቃል። በንጹሕ ካርቦን ብቻ የታተመ ፎቶም፣ በተለይ በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ፣ ሞቅ ያለ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ባለሙያዎቹ ይህንን ለማስተካከል ጥቂት ሰማያዊ ያክሉበታል።

ወደ እናታችን ፎቶ እንመለስ። ባለ ሦስት ጥቁር ፕሪንተር ያለው አንድ ወዳጃችን ቤት ሄድን። ፎቶዋን በስካነር በከፍተኛ ጥራት አንስተን ወደ ግራጫ ስንለውጣት የወረቀቱ ብጫነት ለቀቀ። ቀጥሎ የጣት ስፋት ያላቸው አራት የመሞከሪያ ቁራጮች አተምን፤ ሁሉም ፊቱንና የኮፊያውን ጫፍ የያዙ፣ ቃናቸው ግን የተለያየ ነበር። ከጀርባቸው ቁጥር ጻፍንባቸውና እስኪደርቁ አንድ ቀን ቆየን፤ ገና እርጥብ ሳለ የሚፈረድ ፍርድ አይታመንም። በመስኮት ብርሃንም በማታ አምፑልም ተመለከትናቸው።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቶቹ እህቶቻችን ሴፒያውን መረጡ፤ «የድሮ ይመስላል፣ ያምራል» አሉ። እኛም ከልባችን ወደ እርሱ አዘንብለን ነበር። እናታችን ግን ቁራጩን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ ቆዩ። «ይህን ኮፊያ ለጁምዓ የማጥብለት እኔ ነበርኩ። እንዲህ አድርጌ አጥቤ አላውቅም» አሉ። ሴፒያው ነጩን ኮፊያ የሻይ ውኃ አስመስሎት ነበር። ወጣቶቹ ዝም አሉ።

ይሁን እንጂ ፈጽሞ ያልሞቀው ቁራጭም አልሆነላቸውም፤ ፊቱን ድንጋይ አደረገው አሉ። ጥላና ብርሃንን ለይቶ ማቃናት የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። በጺሙና በአንገቱ ሥር ያለው ጥላ ትንሽ ሞቀ፤ ኮፊያው ምንም ሳይነካው ነጭ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱንም መለወጥ ግድ ሆነብን፤ የመጀመሪያው ነጭነቱ ወደ ሰማያዊ የሚያበራ ስለነበር የፊቱን ሙቀት ይቃወመው ነበር። ከጥጥ የተሠራውና ረጋ ያለ ነጭነት ያለው ተስማማው። ወረቀቱ ውድ ነው፣ ቀለሙም ውድ ነው፤ ለአልበም ሙሉ ፎቶ የሚደረግ ሥራ አይደለም። ሌላ ለሌለው ፎቶ ግን ይደረጋል።

ሕያው ምስልን ግድግዳ ላይ ስለመስቀል ዑለማዎች የተናገሩት ይታወቃል፤ የእኛም ቤት ፎቶ የሚሰቀልበት ቤት አይደለም። ሣጥን ውስጥ መቀመጡ ለሕትመቱም ደግ ሆነለት፤ ብርሃን የማያገኘው ቀለም ቶሎ አይለቅምና። በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርገን፣ አሮጌዋን ፎቶም ከጎኑ አኑረን ዘጋንበት። ከሕትመቱ ጀርባ፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ ለስላሳ እርሳስ ይዘን ስሙንና የአባቱን ስም ጻፍን። የተነሳበትን ዓመት እናታችን እርግጠኛ ስላልሆኑ ቦታውን ባዶ ትተንለታል።