«በማን በኩል ነው የመጣው?»

«ዓሣ ቆጣሪው» እያላችሁ ለምትቀልዱብኝ ጓደኞቼ፦ እውነት ነው፣ ቆጥሬያለሁ። ውጭ አገር በተማርኩባቸው ዓመታት ሥራዬ ይኸው ነበር። ማታ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዓሣ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ መሃላቸው መለያ አድርጌ አሳድራለሁ። ጠዋት መብራት ሲበራ መለያውን አነሳለሁ። ብርሃን ካዩ ብዙም አይቆዩም፤ ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ዘሩን ይረጭበታል። ከዚያ በወንፊት መልቀም፣ ሳህን ላይ ማድረግ፣ የሞተውን ማውጣት፣ መቁጠር። አንዳንድ ቀን 80፣ አንዳንድ ቀን 200።

ዓሣው ዜብራፊሽ ይባላል፤ ጎኑ ላይ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ስላለው ነው። ከትንሽ ጣት አይረዝምም። አገሩ ህንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ ነው፤ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃና በሩዝ ማሳ ውስጥ ይኖራል። እናቴ ስልክ ላይ «ይጠበሳል ወይ?» ብላኝ ነበር። አይጠበስም እማዬ፣ ለአንድ ጉርሻም አይበቃ።

ታዲያ ለምን እሱ? ጽንሱ ስለሚታይ። የሰውም የአይጥም ጽንስ ማህፀን ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድገው። የዚህ ዓሣ ግን ውጭ ውኃ ውስጥ፣ ያውም እንደ ብርጭቆ አሳልፎ እያሳየ ያድጋል። እንቁላሉ ከዳበረ በ45 ደቂቃ ገደማ ለሁለት ይከፈላል። በ10 ሰዓት ውስጥ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ንጣፍ ጀርባው ላይ ይዘረጋል። ዛሬ ጠዋት የተጣለው ነገ ጠዋት ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ታያለህ። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም፤ ወንበሬን ስቤ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ዝም ብዬ አየሁ።

ይህን ዓሣ ለጄኔቲክስ ያበቃው ጆርጅ ስትራይሲንገር የሚባል፣ ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት ሲደክምበት ቆይቶ በ1981 (በፈረንጆቹ) ዋናውን ጽሑፉን አወጣ፤ በ1984 ሞተ። ፍሬውን ሌሎች ለቀሙት። በ1996 መጨረሻ ጀርመን ቱቢንገን ያሉትና አሜሪካ ቦስተን ያሉት ተመራማሪዎች ከሺህ በላይ ሚውቴሽኖችን በአንድ የመጽሔት እትም ዘረገፉት። ከእነዚያ አንዱ ነው የእኔን እንቅልፍ የወሰደው።

አሁን ወደ ነርቩ እንምጣ። ያ የ10 ሰዓት ንጣፍ ላይ ያሉት ሴሎች ስታያቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ከመስመሩ መሃል ግራና ቀኝ፣ ነርቭ ለመሆን የሚያስችላቸውን ጂን የከፈቱ ሴሎች ተደርድረዋል። ጂኑ ኒውሮጄኒን ይባላል። ሁሉም ይችላሉ። ግን ሁሉም አይሆኑም፤ እዚህ አንዱ፣ እዚያ አንዱ ብቻ ነርቭ ይሆናል። የቀረውን ማን ከለከለው?

ድግስ ቤት አስቡ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወጥ ያውቃሉ። አንዷ ማማሰያውን በአንድ አፍታ ቀድማ ትይዝና ጎኗ ያለችውን «አንቺ ቆይ» ትላታለች። ሴሎቹም እንዲሁ ናቸው። በትንሹ የቀደመው ሴል ገላው ላይ ዴልታ የሚባል ፕሮቲን ያወጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ኖች የሚባል መቀበያ አለው። (ስሙ ከፍራፍሬ ዝንብ የመጣ ነው፤ ጂኑ የተበላሸባት ዝንብ ክንፏ ጫፉ ላይ የተቦደሰ ሆኖ ስለተገኘ።) ዴልታ ኖችን ሲይዘው የኖች የውስጥ ቁራጭ ተቆርጦ ወደ ጎረቤቱ ኒውክለስ ይገባል፤ እዚያ ገብቶም ነርቭ የሚያደርገውን ጂን የሚያፍኑ ሌሎች ጂኖችን ይቀሰቅሳል። የታፈነው ሴል የራሱን ዴልታ ማውጣትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ መልሶ «አንተስ ቆይ» ለማለት አቅም አይኖረውም። በፀጉር ስፋት የነበረው ልዩነት በቃ እየሰፋ ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ «ጂን ትእዛዝ ነው» የሚለውን ቃል የማልወደው ለዚህ ነው። እዚህ ጋ ያለው ትእዛዝ ሳይሆን የጎረቤት ንግግር ነው።

የእኔ ዓሦች ላይ የተበላሸው ይህ ንግግር ነበር። ሚውቴሽኑ «ማይንድ ቦምብ» ይባላል፤ አእምሮ ላይ እንደፈነዳ ቦምብ ማለት ነው፣ ስም አወጣጣቸው እንዲህ ነው። ጽንሱ ውስጥ «ቆይ» የሚል ስለሌለ ነርቭ መሆን የቻለው ሁሉ ገና በማለዳው ነርቭ ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው «ነርቩ ከበዛማ ጎበዝ ዓሣ ነዋ!» ይሉኛል። አይደለም። የነርቭ ሥርዓት በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ቆይቶ ሌላ ዓይነት፣ ከዚያም ነርቮቹን ደግፈው የሚይዙ ሴሎች ይመጣሉ። ሁሉም በማለዳው ካለቀ በኋላ ለሚመጣው የሚሆን አይተርፍም። ዘር ሳያስቀምጥ እህሉን ሁሉ በጥቅምት የጨረሰ ገበሬ ምን ይዘራል? በሁለተኛው ቀን ስታየው ጅራቱ አካባቢ ጥቁሩ ነጠብጣብ የለም፤ ቀለም የሚሰጡት ሴሎችም ከዚያው ከነርቭ ንጣፉ ጠርዝ የሚነሱ ዘመዶች ናቸውና። ብዙ ቀን አይቆይም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2003 የታወቀው ነው። ያለ ጊዜው ነርቭ የሆነውን ሴል ያየ ሰው «ጆሮው ደንቁሮ ነው፣ ቆይ ሲሉት አልሰማም» ይላል። የተበላሸው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሲመረመር ሥራው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዴልታ ላይ ምልክት ይለጥፍበታል፤ ምልክት ያለው ዴልታ ወደ ላኪው ሴል ውስጥ ይሳባል፤ ሲሳብ የያዘውን ኖችም ይጎትታል፣ መልእክቱም ያኔ በደንብ ይደርሳል። ሴሎችን ከጤነኛ ወደ በሽተኛ ጽንስ፣ ከበሽተኛም ወደ ጤነኛ እያዛወሩ ሲሞክሩም ውጤቱ ወደዚያው አመለከተ። ጆሮው ደህና ነው፤ የተያዘው የተናጋሪው ምላስ ነው። ጉዳቱ የሚታየው አንዱ ላይ፣ ብልሽቱ ያለው ጎረቤቱ ዘንድ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ስለጻፈችልኝ ነው (ስሟን ሳልጠራ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች)። ልጇ የነርቭ ችግር ይዞ ተወልዷል። «መምህር፣ አማቴ ‹በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም፣ በእሷ በኩል ነው› ብለው ለሰው ሁሉ ነገሩ። ባለቤቴም ዝም አለ። እርስዎ ስለሚያውቁት፣ እውነት በማን በኩል ነው የመጣው?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የልጁንም ነገር አላውቅም። እንዲህ ያለ ችግር ከጂን ላይመጣ ይችላል። ከጂን ቢሆንም ከእናትም ከአባትም ሳይወረስ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። የሚለየው በምርመራ ነው፤ የሚያማክራት ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ነግሬአታለሁ፣ ባሏን ይዛ። ስለ ቆጠርኳቸው ዓሦች ግን መመስከር እችላለሁ።

እያንዳንዱ ዓሣ ይህን ጂን ሁለት ቅጂ ይዟል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ተበላሽቶ አንዱ ደህና ከሆነ ዓሣው ምንም አይሆንም። ይበላል፣ ይዋኛል፣ ይወልዳል። ተሸካሚውን ከጤነኛ ጋር ካጣመርኩት፣ ሳህኑ ላይ አንድም የታመመ ጽንስ አላገኝም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው ከ4ቱ 1 የሚታመመው፤ 100 ብቆጥር 25 ገደማ። ያ የታመመው ጽንስ የተበላሸውን ቅጂ ከሁለቱም ወስዷል፤ ከአንዱ ብቻ ወስዶ ቢሆን ኖሮ አይታመምም ነበር። እንዲህ ባለው ውርስ «በማን በኩል» ብሎ የጠየቀኝን ሰው «በሁለቱም» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። «በእኛ ዘር የለም» የሚለውም አያስኬድም፤ ተሸካሚ ለብዙ ትውልድ ሳይታወቅ ያልፋልና። ደግሞ ይህ የዓሣ ወግ ብቻ አይደለም፤ ኖችም፣ ዴልታም፣ ያ ምልክት ለጣፊም በእኛም ገላ አሉ። በ2013 የዓሣው ጂኖች ሙሉ ዝርዝር ሲወጣ፣ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ ዓሣው ውስጥ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው ታይቷል።

ለአማትሽ አንብቢላቸው አልኳት፤ እንደምታነብላቸው አላውቅም።

ተሸካሚዎቹን ለይተን የምናስቀምጠው ለብቻቸው ነበር። የምናውቃቸውም በዚያው በቆጠራ ነው፦ ማጣመር፣ ሳህኑን ማየት፣ ሳጥኑ ላይ ወረቀት መለጠፍ። አንድ ቀን ወረቀቱ በውኃ ረጥቦ ከሁለት ሳጥን ላይ ወደቀ። ዓሦቹን እያገላበጥኩ ግማሽ ቀን አየኋቸው። መስመራቸው ያው፣ ዓይናቸው ያው፣ አበላላቸው ያው። በመጨረሻ ማታ ላይ ሳጥኖቹን አውጥቼ፣ መለያውን አስገብቼ፣ እንደገና ጥንድ ጥንድ አድርጌ አሳደርኳቸው።