አደፍርስ ይቅደም አበራ?

የአማርኛ ሥነ ልቦናዊ ልቦለድ ጀማሪ ሲፈለግ ክርክሩ 1962 ዓ.ም. ላይ ይቆማል። በዚያ ዓመት ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን፣ በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ን አሳተሙ። የትኛው በጥቂት ወራት ቀደመ የሚለው ሙግት ለደጋፊዎቹ እንጂ ለአንባቢ እምብዛም አይፈይድም።

ከዚያ በፊትም የሰው ልብ በአማርኛ ልቦለድ አልጠፋም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958ቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰዎቻቸው ይጨነቃሉ፤ ጭንቀቱን የሚነግረን ግን በአብዛኛው ተራኪው ነው። ገጸ ባሕሪው በተከዘ ቁጥር ለመጽሐፉ «ሥነ ልቦናዊ» የሚል ማዕረግ የሚያድሉ ሰዎች ቢታገሡ መልካም ነበር። በነሱ ሚዛን አልቃሽም የሥነ ልቦና ሊቅ ናት።

በውጭውም ዓለም ቅድምናው አልለየለትም። አንዳንዶች የ11ኛውን ክፍለ ዘመን የጃፓን «ገንጂ» ይጠቅሳሉ፤ ሌሎች የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት»። ከሁሉ የሚያስቀው የፈረንሳዊው የኤዷር ዱዣርዳን ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የአንድ ወጣትን ሐሳብ እንደ ወረደ የሚያስነብብ ልቦለድ አወጣ፤ ዞር ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። ኋላ ጄምስ ጆይስ መጽሐፉን ባቡር ጣቢያ ገዝቶ እንደነበርና የ«ዩሊሲስ»ን ስልት ከዚያ እንዳገኘ ተናገረ። ሽማግሌው ዱዣርዳንም ስልቱ የራሱ መሆኑን የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1931 ጻፈ።

ወደ 1962 ስንመለስ፣ የበዓሉ ገጸ ባሕሪ አበራ ወርቁ ሠዓሊ መሆን የሚመኝ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ጭንቀቱ የከተሜ ነው፤ ፍቅርም ቅናትም ስላለበት ገጹ ይሮጣል። «አደፍርስ» አይሮጥም። በደብረ ሲና አካባቢ የተሰባሰቡት ሰዎች ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ ይተማማሉ፤ ተራኪውም ገለል ይላል። ዳኛቸው የበለጠው እዚህ ላይ ነው፦ የአገሬው ሰው የሚያስበው ብቻውን ተክዞ ሳይሆን ሲያወራ መሆኑን አውቋል።

ያው ብልጫ ግን አንባቢ አሳጥቶታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቀ። የ«አደፍርስ» ሁካታ ለአንድ ድምፅ አይመችም፤ የፈለገው ሰው መጽሐፉን ራሱን ማግኘት አለበት። ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ሶሎሎ ላለ የአማርኛ አንባቢ ይህ ማለት የመንገደኛ ሻንጣ መጠበቅ ነው።

ከኋለኞቹ ደራስያን ሥነ ልቦናዊውን መንገድ አብዝቶ የገፋበት አዳም ረታ ነው። በ1997ቱ «ግራጫ ቃጭሎች» መዝገቡ የተባለው ገጸ ባሕሪ የራሱን ሕይወት ይተርካል፤ ለጥቃቅን ትዝታ ብዙ ገጽ ይሰጣል፣ ታሪኩን ለማስቸኮልም አይጨነቅም። ደራሲው ትረካዎችን እርስ በርስ የሚያያይዝበትን ስልት «ሕጽናዊነት» ይለዋል፤ ምሳሌ ያደረገውም እንጀራን ነው። ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው «ከአድማስ ባሻገር» ይሻላል።