ትናንት የሌለው ሴል

የጋራ ቤተ ሙከራችን አሮጌውን የሴል መለያ ማሽን በአዲስ ሲቀይር፣ ሶፍትዌሩን ማስተካከል የእኔ ድርሻ ሆነ። «ቀላል ነው፤ የድሮውን ሴቲንግ ኮፒ ማድረግ ነው» አልኩ።

የማሽኑ ባለሙያ አስቆመችኝ። ሴሉ ሌዘሩን ካለፈ በኋላ በጠብታ ተነጥሎ እስኪወጣ ቅጽበት ይፈጃል፤ ማሽኑ ጠብታዋን ቻርጅ የሚያደርገው ያቺን ቅጽበት ቆጥሮ ነው። ቆጠራው ከተዛባ ቻርጁ ለሌላ ጠብታ ይደርስና የተፈለገው ሴል ከቆሻሻው ጋር ይፈሳል። «ይሄን ቁጥር ኮፒ አታደርገውም፤ በየቀኑ ትለካዋለህ» አለችኝ።

አጠገባችን አንድ ተማሪ የሕመምተኛ መቅኒ በበረዶ ይዞ ይጠብቃል፤ ያለው አንድ ብልቃጥ ነው። እኔ ኮድ ባበላሽ ወደ ትናንቱ እመልሰዋለሁ። የፈሰሰ ሴል ግን ትናንት የለውም።

በሙከራ ቅንጣቶች ለካን። ቁጥሩ ከድሮው ጋር አልገጠመም። ፋይሌን ዝም ብዬ ዘጋሁ።