ስለ መሰረዝና ስለ መጥፋት

በመርካቶ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ገበያውን የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ ይኸውም በዚያ ሰፈር ተጥሎ የሚቀር ዕቃ አለመኖሩ ነው። በአዲስ አበባ መንደሮች «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የገዛው፣ «ልዋጭ!» እያለ ደጅ ለደጅ የሚጣራውም በሳህንና በብርጭቆ የለወጠው አሮጌ ዕቃ አብዛኛው መድረሻው መርካቶ ነው። በምናለሽ ተራ በርሜሉ ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፤ ጎማው ተልጦ ጫማ ይሆናል፤ የተጣመመው ብረት በመዶሻ ተቃንቶ እንደገና ወደ ሥራ ይመለሳል። እኛ ይህን ገበያ ከልብ ከሚወዱት ወገን ስለሆንን፣ ዛሬ ስለ እርሱ የምንጽፈው ለነቀፋ አለመሆኑን አስቀድመን ለአንባቢዎቻችን እናስታውቃለን።

ቀድሞ ከቤት የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ዲዳ ነበር። ድስቱ ምን እንደ ተሠራበት አይናገርም፤ አልጋውም ማን እንደ ታመመበት አይመሰክርም። ዛሬ ግን ከድስቱና ከአልጋው ጋር የእጅ ስልክና ኮምፒዩተር አብረው ይወጣሉ። እነዚህ ዲዳዎች አይደሉም። የቤቱን ደብዳቤ፣ የልጆቹን ፎቶግራፍ፣ የመታወቂያውን ቅጂ፣ የባንኩን ደረሰኝ፣ የሐኪሙን ወረቀት በሆዳቸው ይዘው ነው የሚወጡት። ባለቤታቸውም «ሁሉንም ሰርዤዋለሁ» ብሎ፣ ልቡን አሳርፎ ይሸጣቸዋል። ብዕራችንን እንድናነሣ ያደረገን ይህ «ሰርዤዋለሁ» የሚለው ቃል ነው።

በመሥሪያ ቤት ያገለገሉ አንባቢዎቻችን ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል። በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ ሺህ ፋይሎች በመደርደሪያ ተደርድረዋል እንበል፤ በመግቢያውም የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያመለክት አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። አለቃው «የእገሌን ፋይል አስወግድ» ብሎ ቢያዝ፣ ሠራተኛው ወደ መደርደሪያው ሳይሄድ በመዝገቡ ላይ ያለችውን አንዲት መሥመር ብቻ ሰርዞ «አስወግጃለሁ» ቢል ምን እንለዋለን? ያለ ጥርጥር ሰነፍ እንለዋለን። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ጊዜ ለመቆጠብ ነው። የተሰረዘው ፋይል ያለበት ስፍራ «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ፋይሉ ግን ሌላ ጽሑፍ መጥቶ በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ፣ ወር ይሁን ዓመት፣ እንደ ተቀመጠ ይኖራል። ብዙ ሰው እንደ መጨረሻ መድኃኒት የሚቈጥረው ፎርማት የሚሉትም ቢሆን፣ በፈጣኑ መንገድ ሲደረግ፣ ያንኑ የመግቢያ መዝገብ አንሥቶ በምትኩ ባዶ መዝገብ ከማኖር የተለየ አይደለም። ብራና የሚጽፍ ጸሐፊ እንኳ የሳተውን ፊደል በምላጭ ይፍቀዋል እንጂ ከማውጫ ሰርዞ አይተወውም፤ ያም ሆኖ ዐይኑ የሠላ አንባቢ አንዳንድ ጊዜ የተፋቀውን ፊደል ጥላ ያገኘዋል።

ነገሩ በአሳብ ብቻ የሚነገር እንዳይመስል፣ የታወቀ ምርመራ እንጥቀስ። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ ሁለት የኤም.አይ.ቲ. ተማሪዎች 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን ከየገበያው ገዝተው መረመሩና ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ከነዚህ ውስጥ ሊነበቡ የቻሉት 129 ነበሩ፤ ከ129ኙም በአግባቡ ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። በቀሩት ላይ የሕሙማን መረጃ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ ከ5,000 የሚበልጥ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተገኘ። አንደኛው ዲስክ የባንክ ገንዘብ መክፈያ መኪና ዲስክ ነበረ፤ የደንበኞቹም የሒሳብ ቁጥር አልጠፋም። እኛ በጥር ወር 2000 ዓ.ም. የአዲሱን ሺህ ዓመት በዓል ወሬ ገና ሳንጨርስ፣ በሆንግ ኮንግ የአንድ ዝነኛ የፊልም ተዋናይ የግል ፎቶግራፎች በዓለም ሁሉ ተበተኑ። ፎቶግራፎቹ የተወሰዱት ኮምፒዩተሩ ለጥገና በተሰጠበት ቤት ነበረ፤ የጥገናው ሠራተኛም በሚከተለው ዓመት በፍርድ ቤት ተቀጣ። የሰዎቹ ስም ግን በቅጣቱ አልተመለሰም።

በአገራችንም ነገሩ የባለጸጎችና የተዋንያን ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የእጅ ስልክ የደብዳቤ ሣጥን ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ከረጢትም ሆኗል። መምህሩ ገና ያልተሰጠውን ፈተና፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ገና ያልተፈረመውን ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ተማሪውም የትምህርት ማስረጃውን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ ስልኩ ሲሰበር ወዴት ይኬዳል? ወደ መርካቶ አይደለምን?

እዚህ ላይ ስለ ጥገና ባለሙያዎቹ አንድ ቃል መናገር ይገባናል። እነዚህ አጉሊ መነጽር በግንባራቸው አሥረው፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ብልት በመቈንጠጫ አንሥተው የሚበይዱ ወጣቶች፣ በእኛ አስተያየት በዘመናችን ካሉት ብርቱ የእጅ ጥበብ ሰዎች ወገን ናቸው። አብዛኞቹም አደራ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ለሰዓት ሠሪ ሰዓት ስንሰጥ የቤታችንን ቁልፍ አንጨምርለትም። ስልክ ስንሰጥ ግን ከስልኩ ጋር መክፈቻውን በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን፤ ያውም ወረቀቱን በጀርባው ላይ ለጥፈን! አደራ የምንለው የሰጠነውን ዐውቀን ስንሰጥ ነው፤ ምን እንደ ሰጠን ሳናውቅ የሰጠነውን ግን ተቀባዩ በምን ሊጠብቀው ይችላል?

ስለዚህ ስልኩ ገና የሚከፈት ከሆነ፣ ወደ ጥገና ከመሄዳችን በፊት በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ፣ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥቶ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል። የተሰበረው መስተዋት ከሆነ፣ ባለሙያው መክፈቻውን የሚፈልገው መስተዋቱ ሲነካ መሥራቱን ለማየት ስለሆነ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በራስ እጅ ከፍቶ ማሳየት ይቻላል፤ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ ብዙ አይበልጥም። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ባሉት በብዙዎቹ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ ለጥገና ጊዜ ተብሎ የተሠራ አንድ መላ አለ፤ ይህ ሲበራ ባለሙያው ስልኩን እንደ ልቡ ይፈትነዋል፣ የባለቤቱን ፎቶግራፍና ደብዳቤ ግን አያይም። የቴሌብርን ወይም የባንክን የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ጥገና ግን በዓለም ላይ የለም። ይህን የጠየቀ ሰው የሚጠግነው ሌላ ነገር ነው።

ለመሸጥ ሲሆን መንገዱ ይለያል። በአንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ ወዲህ በመጣው ሥርዓት ተሠርተው የወጡ ስልኮች በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በምስጢር ፊደል ለውጠው ነው የሚያስቀምጡት፤ ስለዚህ ስልኩን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የሚመልሰው ትእዛዝ ሲሰጥ የምስጢሩ መፍቻ ይጠፋል፤ መፍቻው ከጠፋ የቀረው ጽሑፍ ትርጉም የለውም። በቅድሚያ ግን የጉግል ሒሳብን ከስልኩ ማውጣት ይገባል፤ አለዚያ ገዥው ስልኩ ተቈልፎበት ሻጩን ፍለጋ መርካቶን ሲዞር ይውላል። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ሁሉን አስወግዶ እንደገና የሚጀምረው ትእዛዝ ሲመረጥ፣ ከሥሩ ዲስኩን ጭምር አጽዳ የሚል ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ዋናው ግን እርሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነና ለቆራሌው የሚሰጥ ከሆነ፣ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን ማስቀረት ነው። የተሸጠው ብረትና ፕላስቲክ ይሁን፤ ዲስኩ በመሳቢያ ይቀመጥ።

ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሚገዛም አንድ ነገር እናስታውስ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ እድሳቱ ስለቆመ፣ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 11ን መቀበል መቻሉን ሳይጠይቁ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሕግም አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከዚያ በኋላ መጥቷል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሚያስፈራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይህ ተሰርዞ አለመጥፋት ምሕረት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ባለፈው ክረምት ከራጉኤል ብዙ በማይርቅ አንድ ጠባብ የጥገና ቤት ውስጥ የራሳችንን ጉዳይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ በጡረታ የሚኖሩ አንድ መምህር ከዝናቡ ገቡ። በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ሚሞሪ ካርድ አወጡ። በካርዱ ላይ የነበረው የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ ነበረ፤ የልጅ ልጃቸው ካርዱን በሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው ስልኩ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሕፃኑም እሺ አለ።

ወጣቱ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበረ። «ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ፎቶ ተነሥቶበታል?»

«የለም ልጄ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነካው፤ እንዲያው በዚህ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት» አሉ።

ሳያውቁ ያደረጉት ይህ ነገር ነው ያዳናቸው። በላዩ አዲስ ነገር ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ የቀድሞው በእውነት በጠፋ ነበር። ወጣቱ ካርዱን እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠና ሥራውን በቅጂው ላይ ብቻ ጀመረ፤ ዋናውን መልሶ በመሐረቡ ጠቀለለው። በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ የሚሉት ማኅደር የተሰረዘውን ቀስ በቀስ ራሱ ስለሚያጸዳው፣ በእርሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ተስፋው እጅግ የመነመነ መሆኑንም ነገረን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎቶግራፎቹ መምጣት ጀመሩ። ከሦስት መቶ ይበልጡ ነበር። ነገር ግን የመዝገቡ መሥመር ስለ ጠፋ ከስማቸውና ከተራቸው ተለይተው ነው የመጡት፤ ምርቃቱ ከለቅሶው በኋላ፣ ጥምቀቱ ከሰርጉ በፊት ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት። መምህሩ ወንበራቸውን አስጠጉና «ይህ የታናሿ ልጃችን ምርቃት ነው፤ ይህ ደብረ ብርሃን፤ ይህኛው ሐኪም ቤት ከመግባቷ በፊት» እያሉ ይናገሩ ጀመር። ወጣቱም ሌሎች ደንበኞች እየጠበቁት፣ ማንም ሳያዘው፣ የሚናገሩትን ስም በየፎቶግራፉ ላይ ይጽፍ ነበር። ከዚያም ሁሉን በሁለት ፍላሽ ገልብጦ፣ አንደኛውን በቤታቸው፣ ሁለተኛውን በልጃቸው ቤት እንዲያኖሩ ነገራቸው።

ወደ መጨረሻው አንድ ፎቶግራፍ ከግማሹ በታች ግራጫ ሆኖ መጣ። ሴትዮዋ ረከቦት ፊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ይታያል፤ እጃቸውና ጀበናው የለም።

«ጋሼ፣ ይህኛው ተበላሽቷል፤ ልሰርዘው?» አለ ወጣቱ።

መምህሩ እጁን ያዙት።