የማኬባ አማርኛ

ሱሉልታ፣ የጎጃም መንገድ ዳር፣ አንዱ ጭማቂ ቤት ስፒከሩን ደጅ አውጥቶ «ፓታ ፓታ»ን ያስጮኻል። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ፣ ስለ ሙዚቃ ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነው፣ «ይቺ ሴትዮ እኮ በአማርኛ ዘፍናለች» አለኝ። ወሬውን ድሮ የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ። እሱ ካለው ግን ማጣራት ግድ ነው፤ ውሸት ሆኖ ቢገኝ ደስታዬ ነበር።

እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1967 (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በወጣው የደቡብ አፍሪካዊቷ ዘፋኝ የሚርያም ማኬባ «ፓታ ፓታ» አልበም ውስጥ «የጥንቱ ትዝ አለኝ» የምትል ዘፈን አለች።

ወዳጄን ይህ አልበቃውም። ዘፈኑን ያጠናችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው ባይ ነው፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ጃንሆይ ጋብዘዋት መጥታ ዘፍናለችና። መምጣቷስ መጥታለች። ግን የ30 ምናምን አገር መሪ ከተማውን ባጨናነቀበት ሰሞን ማን ቁጭ ብሎ አማርኛ ያስጠናታል? እኔ የምጠረጥረው አሜሪካ የነበሩትን የእኛን ተማሪዎች ነው፤ ኑሮዋ እዚያ ነበርና። ወዳጄ አልተዋጠለትም። አይዋጥለት።

«ፓታ ፓታ»ን ማኬባ ራሷ ከቁም ነገር አትቆጥራትም ነበር፤ የጭፈራ ዘፈን ናት። አሜሪካኖች ግን ቢልቦርድ ላይ 12ኛ አደረሱላት፤ ከዚያ በኋላ ካልዘፈነቻት ማን ያስወርዳታል! በ2008 ጣሊያን አገር፣ ካስቴል ቮልቱርኖ፣ በ76 ዓመቷ ተዝለፍልፋ የወደቀችው እሷኑ ዘፍና ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የእናቷ ነገር ነው። ማኬባ በ1932 ጆሐንስበርግ ተወልዳ ገና በ18 ቀኗ እናቷ ታሰሩ። ወንጀላቸው? ከብቅልና ከበቆሎ ዱቄት የአገራቸውን ጠላ ጠምቀው መሸጥ። መቀጮ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው አራሷ ሕፃኗን ታቅፈው 6 ወር ወህኒ ከረሙ። ያ ሕግ እኛ ሰፈር ቢኖር ፖሊስ መከራውን ባላየ፤ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ደፍቶ ደጅ ያቆመውን ሁሉ እየለቀመ መሄድ ነው።

እኚሁ እናት በ1960 ሲሞቱ ልጃቸው ልትቀብር ስትነሳ ፓስፖርቷ መሰረዙ ተነገራት። በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርባ አፓርታይድን ስታጋልጥ ደግሞ ዜግነቷን ገፈፏት፤ ሸክላዎቿንም አገዱ። የትውልድ አገሯን መልሳ የረገጠችው በ1990 ነው፤ ያውም በፈረንሳይ ፓስፖርት።