ዩፒኤስ የገዛችሁ፣ እንቁላል ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ዘር አይደለም፤ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

አምና ኅዳር ላይ በቀበሌያችን አንዲት እናት በግ ሸጠው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዙ። መብራት ስለሚጠፋ ዩፒኤስ እንዲጨምሩበት የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ዩፒኤስ ማለት በውስጡ ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ሳጥን ነው። ዕቃው እንደመጣ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አረንጓዴ መብራት በራ። ማሽኑን አገናኝቼ 48 እንቁላል አስገባን። "በቃ እማማ፣ ከእንግዲህ ያለ ሐሳብ ይተኙ" ብያቸው ሄድኩ። ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ገልጬ እንኳ አላየሁትም።

በ12ኛው ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ድምፅ አላሰማም። እማማ እንደተኙ ማሽኑ ቀዘቀዘ። መብራቱ የመጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በ21ኛው ቀን ከ48ቱ የተፈለፈሉት 11 ብቻ ነበሩ።

የዩፒኤሱን የባትሪ ክዳን ስከፍት የአንዱ ሽቦ ጫፍ ከባትሪው ጋር አልተያያዘም። ለካ አንዳንድ አዲስ ዩፒኤሶች ለጉዞ ደኅንነት ሲባል ሽቦው ተነቅሎ ነው የሚመጡት። አረንጓዴው መብራት የነገረኝ ከግድግዳው ኃይል መምጣቱን እንጂ ባትሪው መሥራቱን አልነበረም። እማማ አልተቆጡኝም። "እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው የተኛሁት ልጄ" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሁለተኛው ዙር እንዲህ አደረግን፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

1. ዩፒኤሱ ከግድግዳ ሳይሰካ የባትሪውን ሽቦ አያይዙ፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ። ክዳኑ በእጅ የማይከፈት ከሆነ ራሳችሁ አትፍቱት፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

2. ምንም ሳትሰኩበት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ። መጋዘን የከረመ ባትሪ ደካማ ነው።

3. መሰኪያዎቹን እዩ። በአንዳንዱ ዩፒኤስ ላይ ከባትሪው ኃይል የሚያገኙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው።

4. ማሽኑን ባዶውን አስነሥታችሁ 37.5 ዲግሪ ሲይዝ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉት። መጮህ አለበት፣ ማሽኑም መሥራቱን መቀጠል አለበት። ስንት ደቂቃ እንደቆየ በስልካችሁ ያዙ።

በዚህ ሙከራ ቀን እማማ "አሁንስ እኔው ልንቀለው" ብለው በእጃቸው ነቀሉት። ጮኸ፤ ሁለታችንም ሳቅን። የቆየው ግን 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። በትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሙቀት የሚሰጥ ማሽን ይዞ ሌሊቱን አያድርም። ምጣድ ወይም ምድጃ ከሰካችሁበትማ ጭራሽ አይችለውም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? አጭር መቆራረጥን ይሸፍናል፣ ረጅም ከሆነ ደግሞ ጮኾ ይቀሰቅሳችኋል። ያኔ የማሽኑን ክዳን ሳትከፍቱ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን ከጎንና ከጎኑ አስቀምጡ፣ በጋቢም ሸፍኑት። መብራቱ ሲመለስ ጋቢውን ወዲያው አንሡ። ከሰል ግን ቤት ውስጥ አታስገቡ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

በዚያ ዙር መብራት ሁለት ሌሊት ጠፋ። ሁለቱንም ጊዜ እማማን የቀሰቀሳቸው ጩኸቱ ነው። ከ48ቱ 37 ጫጩት ወጣ።

ከእንግዲህ እኔም ሳልሞክረው "ተኙ" አልልም። እናንተም ባለሙያ ስለነገራችሁ ብቻ አትተኙ፤ መጀመሪያ ነቅላችሁ እዩት። መልካም የሥራ ጊዜ!